የሺህ ዶላሯ ክኒን ለማን ትሰጥ?

አንድ ሰው ከበሽታው ድኖ ያንኑ በሽታ እንደገና ይዞት ቢመጣ ስንት ጊዜ ይታከም? አንዴ? ሁለቴ? መድኃኒቱ እሳት የሆነ ዋጋ ቢኖረውስ? ይሄ የቡና ላይ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ከአሥር ዓመት በፊት የአውሮፓ ሐኪሞችና ከፋዮች የምር የተጋፈጡት ጥያቄ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሄፓታይተስ ሲ የሚታወቀው በደምና በመርፌ የሚተላለፍ የጉበት በሽታ ሆኖ ነው። ከ2000 ገደማ ጀምሮ ግን በለንደን፣ በፓሪስና በአምስተርዳም ሐኪሞች ግራ የሚያጋባ ነገር ማየት ጀመሩ። ኤችአይቪ በደማቸው ያለ፣ ከወንዶች ጋር ወሲብ የሚፈጽሙና በመርፌ ዕፅ ወስደው የማያውቁ ወንዶች በሄፓታይተስ ሲ እየተያዙ መጡ። የቫይረሱን ዘረመል ያነጻጸረ በ2009 የወጣ ጥናት ደግሞ ስርጭቱ ከአገር አገር የተያያዘ መሆኑን አሳየ። መንገዱ ወሲብ ነበር።

በወንድና በሴት ጥንዶች መካከል ይህ ቫይረስ በወሲብ የሚተላለፈው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ታዲያ እዚህ ምን ተለየ? ያለኮንዶም በፊንጢጣ የሚደረግ ወሲብ ስሱን የውስጥ ሽፋን ሊያቆስል ይችላል። የቂጥኝ ቁስል ካለ በሩ ይበልጥ ይከፈታል። ኤችአይቪ የሰውነትን መከላከያ ያዳክማል። አንዳንዶች ደግሞ በወሲብ ሰዓት ዕፅ ይጠቀማሉ፤ መሳቢያውን ወይም መርፌውን ይዋዋሳሉ።

እኛ ሰፈር የጉበት በሽታ ሲባል "የወፍ በሽታ" ነው፤ ዓይን ቢጫ ይሆናል ተብሎ ይጠበቃል። ሄፓታይተስ ሲ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት ጉበትን ይበላል። ኤችአይቪ ባለበት ሰው ላይ ደግሞ ይፈጥናል።

ድሮ ሕክምናው ኢንተርፌሮን የሚባል መርፌ ነበር፤ ለወራት የሚወሰድ፣ ትኩሳትና ድብርት የሚያመጣ። በ2013 መጨረሻ ሶፎስቡቪር የተባለው ክኒን አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ከሌሎች አዳዲስ ክኒኖች ጋር ሲወሰድ ከ100 ሰው ከ95 በላይ ያድናል። ዋጋው ግን አሜሪካ ውስጥ ለ12 ሳምንት 84,000 ዶላር ነበር። አንዷ ክኒን አንድ ሺህ ዶላር ማለት ነው! አውሮፓም ርካሽ ስላልሆነ፣ ኔዘርላንድስን ጨምሮ ብዙ አገሮች "ጉበቱ ክፉኛ የተጎዳ ይቅደም" አሉ።

ሌላም ራስ ምታት አለ። ከዚህ በሽታ መዳን ዳግም ከመያዝ አያድንም። በ2011 የወጣ የአምስተርዳም ጥናት፣ ከዳኑት ወንዶች አንድ ሦስተኛ ያህሉ በሁለት ዓመት ውስጥ እንደገና መያዛቸውን አሳይቷል። "በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው" የሚል ሰው ቢመጣ አይገርምም።

እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው፤ ሂሳቡ የሚሳሳተውም እዚህ ጋ ይመስለኛል። ኤክስተርናሊቲ የምንለው ነገር አለ፦ የአንድ ሰው ውሳኔ ጥቅሙ ወይም ጉዳቱ ለሌላው ሲተርፍ ማለት ነው። ክኒኗ የምታድነው የዋጣትን ሰው ብቻ አይደለም፤ ከእሱ ሊይዘው የነበረውንም ጭምር ነው። "ጉበትህ ገና ደህና ነው፣ ጠብቅ" የሚባለው ደግሞ ማን ነው? ብዙ ጊዜ በቅርቡ የተያዘው፣ ጤነኛ የሚመስለውና ቫይረሱን ሊያስተላልፍ የሚችለው ሰው ነው። ሰልፉ ወጪ እየቆጠበ በሽተኛ ያመርታል።

ኔዘርላንድስ በ2015 መጨረሻ ሰልፉን አነሳች፤ የጉበቱ ጉዳት ምንም ይሁን ምን ሁሉም ይታከም ተባለ። በ18 የኤችአይቪ ሕክምና ማዕከላት በእነዚህ ወንዶች ላይ የተመዘገበው አዲስ ኢንፌክሽን በ2014 93 ነበር፤ በ2016 ወደ 49 ወረደ። ልብ በሉ፣ በዚሁ ጊዜ በእነሱ መካከል ቂጥኝ ጨምሯል። ስለዚህ "ሰዎቹ ተጠንቅቀው ነው" ማለት ያስቸግራል። የዳነ ሰው የሌለውን ቫይረስ አያስተላልፍም፤ በቃ።

ይህ ማለት ግን ክኒን ብቻውን ይበቃል ማለት አይደለም። በ2015 እና በ2016 አምስተርዳም ውስጥ ኤችአይቪ የሌለባቸው፣ ግን የመከላከያ ክኒን ሊጀምሩ የመጡ ወንዶች ሲመረመሩ 4.8 በመቶው ሄፓታይተስ ሲ ተገኘባቸው። ቫይረሱ እኛ ያሰመርነውን አጥር አያውቅም። ኮንዶም፣ መርፌ አለመዋዋስና በየጊዜው መመርመር አሁንም ያስፈልጋሉ።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ በ2014 የመድኃኒቱ ባለቤት የሆነው ጊሊያድ ኢትዮጵያን ጨምሮ በ91 አገሮች የሚሸጥ ርካሽ ቅጂ እንዲያመርቱ ለህንድ ፋብሪካዎች ፈቃድ ሰጥቷል። ስለዚህ የሺህ ዶላሩ ዋጋ የእኛ ዕጣ አይደለም። ግን አንድ ነገር ያዙልኝ፦ የኤችአይቪ ምርመራ ሄፓታይተስ ሲን አያሳይም፤ ምርመራው ለብቻው ነው። ኤችአይቪ በደማችሁ ካለ ወይም መርፌና ስለት ተጋርታችሁ ከሆነ፣ በቀጠሯችሁ ቀን ሐኪሙን በስሙ ጠይቁት። የተያዘ ሰው "ከየት አመጣኸው?" ከመባሉ በፊት ይታከም። ርኅራኄው ቢቀር እንኳ ሂሳቡ ይሄንኑ ይላል።