ሄልሜት የሚደበድበው ነፋስ ከየት ይመጣል?

ከዱባይ ጀበል ጄስ ተራራ ድረስ በሞተር ሳይክል ደርሶ የተመለሰ ሰው አንገቱን ቢያመው፣ ጆሮው ቢጮህበት አይገርምም። ፍጥነት በሰዓት ከ60 ወደ 120 ኪሎ ሜትር ሲጨምር የነፋሱ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል።

ብዙዎች መፍትሔው የፊት መስታወቱን በረጅም መቀየር ይመስላቸዋል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ጭንቅላትን የሚያስንጠው ራሱ መስታወቱ ነው። ነፋሱ ጫፉን አልፎ ሲሄድ ይበተንና እየተሽከረከረ ሄልሜቱን ይመታል።

መፈተሻው ቀላል ነው። ቀጥ ባለና ጭር ባለ መንገድ ላይ አሽከርካሪው ለአፍታ ጎንበስ ይበል። መናጡ ከቆመ መስታወቱ ከፍ ይደረግ። ቀና ሲል ከቆመ ደግሞ ዝቅ ይደረግ፤ ያልተበተነ ነፋስ ጭንቅላትን ይገፋል እንጂ አይንጥም። ከመስታወቱ ሥር ጥቂት አየር የሚገባበት ክፍተት መተውም ይረዳል። ከኋላ የተቀመጠ ሰው የባሰ ሊመታ ስለሚችል እሱንም መጠየቅ ነው።

መስታወቱ ቢስተካከልም የነፋሱ ጩኸት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ጆሮን ቀስ በቀስ ይጎዳል፤ የተጎዳ የመስማት አቅም ደግሞ አይመለስም። ፋርማሲ የሚሸጠው ለስላሳ የጆሮ መድፈኛ ዋጋው ትንሽ ነው። በሞተር ረጅም መንገድ የሚሄድ ወንድም ወይም ባል ያላችሁ እህቶች፣ ዛሬውኑ ግዙለት።