ከባዶ እግሩ ባሻገር፦ የቀደሙ አትሌቶቻችን ዝናና ውርስ

(በፋኩልቲው አዳራሽ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)



ዛሬ የማነሣው ርእሰ ጉዳይ ሁላችንም ጠንቅቀን የምናውቀው የሚመስለን ነው። ከመካከላችን የሻምበል አበበ ቢቂላን ስም ያልሰማ አይገኝም። በባዶ እግሩ ሮጦ ሮም ላይ ማሸነፉንም ትንሽ ትልቁ ያውቃል። ይሁን እንጂ «ከዚያስ ሌላ ስለ እርሱ ምን ታውቃላችሁ?» ተብለን ብንጠየቅ ብዙዎቻችን ከሁለት ዓረፍተ ነገር አናልፍም። ስለ ማሞ ወልዴና ስለ ምሩጽ ይፍጠር ብንጠየቅማ መልሳችን ይበልጥ ያጥራል።

የሕዝብ ትውስታ መራጭ ነው። ከአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ድካም ውስጥ አንድ ምስል ይመርጥና ያንኑ እየደጋገመ ያደምቀዋል፤ የቀረውን ያደበዝዘዋል። ስለዚህ በዚህ ንግግር ዝናንና ውርስን ለይቼ ለማየት እሞክራለሁ። ዝና ስል ስለ አትሌቱ የሚነገረውን ማለቴ ነው። ውርስ ስል ደግሞ አትሌቱ ካለፈ በኋላ በሰዎች፣ በአሠራርና በተቋማት ውስጥ የሚቀጥለውን ማለቴ ነው። የዛሬው መከራከሪያዬም ይህ ነው፦ ዝናቸውን በሚገባ ጠብቀናል፤ ድሉ እንዴት እንደ ተገኘ ባለመመዝገባችን ግን ውርሳቸው ከእጃችን እያመለጠ ነው።

፩. የሮም ምሽት

የሮም ማራቶን የተካሄደው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ነው። በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር። ውድድሩ እንደ ተለመደው ከስታዲየም ተነሥቶ ወደ ስታዲየም የሚመለስ አልነበረም። ከካምፒዶሊዮ ኮረብታ ግርጌ አመሻሽ ላይ ተጀምሮ፣ በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ላይ በወታደሮች ችቦ እየታጀበ፣ ሌሊቱ ከገባ በኋላ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ተጠናቀቀ። አበበ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ በመግባት በዓለም እስከዚያ ጊዜ ከተመዘገቡት ሁሉ የፈጠነውን ሰዓት አስመዘገበ። ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም 25 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ሁለተኛ ወጣ።

ውድድሩ ካለፈባቸው ስፍራዎች አንዱ የፖርታ ካፔና አደባባይ ሲሆን፣ በወቅቱ የአክሱም ሐውልት የቆመው በዚያ ነበር። ሐውልቱ በወረራው ዘመን እ.ኤ.አ. በ1937 ተዘርፎ የተወሰደ ነው። የክብር ዘበኛ ባልደረባ የሆነ ኢትዮጵያዊ ወታደር ከዚያ ሐውልት አጠገብ አልፎ በሮም አደባባይ ቀዳሚ ሆኖ ሲገባ፣ ጣሊያን ኢትዮጵያን ከወረረች ሩብ ምእት ዓመት ያህል ብቻ አልፎ ነበር። ሐውልቱ ራሱ ወደ አክሱም የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዳግም ቆሞ የተመረቀው በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው።

ይህ ሁሉ ታሪክ እያለ ዓለም አጥብቆ የያዘው ባዶ እግሩን ነው። ምስሉ ሲደጋገም «ጫማ መግዣ ያልነበረው ድሃ አፍሪካዊ» የሚል ትርጓሜ ተለጠፈበት። እውነቱ ግን ቀላል ነው። ጫማ ነበረ፤ እግሩን ስላልተመቸውና በባዶ እግር መሮጥን ስለ ለመደው ያለ ጫማ ሮጠ። ውሳኔው የአንድ ባለሙያ ሯጭ የሥራ ውሳኔ ነበር። የድህነቱ ትርጓሜ ከሥሩ የሚያስቀረው ዋና ነገርም አለ፤ እርሱም ዝግጅቱ ነው። ከአበበ በስተጀርባ ስፖርትን የሥራው አካል ያደረገ የጦር ክፍል፣ እንዲሁም ዕቅድ ያለው ሥልጠና የሚሰጡ ስዊድናዊ አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ነበሩ። በዚያው ምሽት ሌላው ኢትዮጵያዊ አበበ ዋቅጅራ ሰባተኛ ሆኖ መግባቱን የምናስታውስ ስንቶቻችን ነን? ከአንድ አገር የመጡ ሁለት ሯጮች ከመጀመሪያዎቹ ሰባት ውስጥ ሲገቡ ጉዳዩ ከአንድ ግለሰብ ተአምር በላይ እንደ ነበረ ይነግረናል።

ባዶ እግሩ የድሉ ምስጢር ቢሆን ኖሮ ቶኪዮን ማስረዳት ያቅተን ነበር። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ ጫማ አድርጎና ነጭ ካልሲ ለብሶ ሮጠ። የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ከተደረገለት ገና አምስት ሳምንት ያህል ነበር። 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ በመግባት እንደገና የዓለምን ምርጥ ሰዓት አስመዘገበ፤ ሁለተኛ የወጣውን ሯጭ የቀደመውም ከአራት ደቂቃ በሚበልጥ ጊዜ ነበር። በኦሊምፒክ ታሪክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ለጥናት የሚጠቅመን ቶኪዮ ነው፤ ሥዕል ሆኖ የቀረልን ግን ሮም ነው።

፪. ከመንኰራኵር ወንበር ላይ

መጋቢት 1961 ዓ.ም. አበበ በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ታከመ። የሕዝብ ትውስታ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ «አሳዛኝ ፍጻሜ» ብሎ መዝገቡን ይዘጋል። አበበ ግን አልዘጋውም። የስቶክ ማንደቪል ስም ለአካል ጉዳተኞች ከሚካሄዱ ውድድሮች ታሪክ ጋር የተቆራኘ ነው፤ የዛሬው የፓራሊምፒክ ጨዋታ ሥሩ በዚያ ነው። አበበም በዚያ ቀስት በመወርወርና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ፤ ቀጥሎም በኖርዌይ በረዶ ላይ በተካሄደ የውሻ ሸርተቴ ውድድር ተካፈለ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ።

እዚህ ላይ ተማሪዎቼን አንድ ነገር እጠይቃለሁ። በአገራችን የአካል ጉዳተኞች ስፖርት ታሪክ ሲጻፍ የአበበ ቢቂላ ስም በመጀመሪያው ምዕራፍ ይገኛልን? ካልተገኘ፣ እጅግ ከምናከብረው ሰው ሕይወት የመጨረሻዎቹን ዓመታት ቆርጠን ጥለናል ማለት ነው።

፫. በጥላ ውስጥ የቀረው ማሞ

በሜክሲኮ ሲቲ እ.ኤ.አ. በ1968 አበበ እግሩ ታምሞ ከ17 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ ሲያቋርጥ፣ ድሉን የጨበጠው የቡድን ባልደረባው ማሞ ወልዴ ነበር። 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ በመግባት ተከታዩን በሦስት ደቂቃ ያህል ቀደመ። ከዚያ ማራቶን በፊት በ10,000 ሜትር የብር ሜዳሊያ ማግኘቱም አይዘነጋ። ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ከፍታ ባላት ከተማ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለቱንም ርቀት በዚያ ደረጃ መሮጥ ቀላል ሥራ አልነበረም።

የማሞን የሩጫ ዘመን በሙሉ ስናየው ይበልጥ ያስደንቃል። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በ1956ቱ የሜልቦርን ኦሊምፒክ በ800 እና በ1,500 ሜትር የተወዳደረው ማሞ፣ ከ16 ዓመት በኋላ በሙኒክ በማራቶን የነሐስ ሜዳሊያ አገኘ። በዚያን ጊዜ ዕድሜው 40 ነበር። ከመካከለኛ ርቀት ተነሥቶ እስከ ማራቶን የተጓዘ፣ የአገራችንን የአትሌቲክስ ጉዞ በአንድ ሰው ሕይወት የሚያሳይ ሯጭ ነው።

ይህን ታሪክ ግን እዚህ ላይ ማቆም አይቻልም። ከ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ ማሞ በቀይ ሽብር ዘመን ከተፈጸመ የአንድ ወጣት ግድያ ጋር በተያያዘ ተከሰሰ። ክሱን አልተቀበለም። ዘጠኝ ዓመት ያህል በእስር ከቆየ በኋላ በ1994 ዓ.ም. ጥፋተኛ ተብሎ ስድስት ዓመት ተፈረደበት፤ የታሰረበት ጊዜ ከፍርዱ ስለሚበልጥም ተለቀቀ። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በግንቦት ወር፣ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ።

እንዲህ ያለውን ሕይወት እንዴት እንጻፈው? ሁለት ቀላል መንገዶች አሉ። አንደኛው ሜዳሊያውን ጽፎ የፍርድ ቤቱን ጉዳይ በዝምታ ማለፍ ነው፤ ሁለተኛው በፍርድ ቤቱ ጉዳይ ምክንያት ስሙን ከመታሰቢያ መፋቅ ነው። ሁለቱም ከጸሐፊው ሥራን ያቀልላሉ፤ ከአንባቢው ግን እውነትን ይሰውራሉ። የሞተው ወጣትም ቤተሰብ ነበረው። ተከሳሹም ፍርድ ሳያገኝ ለረጅም ዓመታት ታስሯል። የታሪክ ተማሪ ግዴታ ክሱንም፣ ክሕደቱንም፣ የእስሩን ርዝመትም፣ ፍርዱንም ከሜዳሊያዎቹ ጋር በአንድ ገጽ ላይ ማስቀመጥ ነው። አትሌቶቻችን ከአገራቸው ታሪክ ውጭ አልኖሩም፤ አበበን ያፈራው የክብር ዘበኛ ራሱ ከሮም ድል ሦስት ወር በኋላ በታኅሣሥ 1953ቱ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ውስጥ ገብቶ ነበር።

፬. ከሬዲዮ የተሰማ ውርስ

ምሩጽ ይፍጠር ውርስ እንዴት እንደሚተላለፍ ያሳየናል። የአየር ኃይሉ ሯጭ በ1972ቱ የሙኒክ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር የነሐስ ሜዳሊያ ሲያገኝ፣ በ5,000 ሜትር ግን ወደ መነሻው በሰዓቱ ባለመድረሱ ሳይወዳደር ቀረ። ከአራት ዓመት በኋላ የአፍሪካ አገሮች ኒውዚላንድ ከአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ጋር በነበራት የራግቢ ግንኙነት ምክንያት የሞንትሪያልን ኦሊምፒክ ሲያቋርጡ፣ የምሩጽ የብርታት ዘመን በከንቱ ያለፈ መሰለ። በ1980 ግን ሞስኮ ላይ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ አገኘ። በመጨረሻው ዙር ፍጥነቱን በድንገት ስለሚለውጥ «ማርሽ ቀያሪው» የሚል ቅጽል ስም ወጣለት።

ያን ድል በአርሲ በሬዲዮ ከሰሙት ሕፃናት አንዱ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነበር። ሯጭ የመሆን ፍላጎቱን ከዚያ ሬዲዮ ጋር አያይዞ ደጋግሞ ተናግሯል። ኃይሌ በአትላንታና በሲድኒ በ10,000 ሜትር ሲያሸንፍ የምሩጽ ውርስ በሥራ ተገለጠ።

በሞንትሪያል የተከፈለው ዋጋም መቋጫ አለው። በ1992 በባርሴሎና ደራርቱ ቱሉ በ10,000 ሜትር አሸንፋ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ስትሆን፣ ሁለተኛ የወጣችው ኤላና ሜየር ከረጅም እገዳ በኋላ የተመለሰችው ደቡብ አፍሪካ ሯጭ ነበረች። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። የዚያን ዙር ሙሉ ትርጉም የሚረዳው ምሩጽ በ1976 ያጣውን ዕድል የሚያስታውስ ሰው ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ ፋጡማ ሮባ በአትላንታ የኦሊምፒክን ማራቶን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ሆነች።

በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ስማቸው እምብዛም የማይነሣ አሠልጣኞች አሉ። ንጉሤ ሮባ ራሳቸው ሯጭ ነበሩ፤ በኋላም የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ ሆኑ። ዶክተር ወልደ መስቀል ኮስትሬ በሃንጋሪ የተማሩትን ዕውቀት ይዘው ተመልሰው የእነ ደራርቱንና የእነ ኃይሌን ትውልድ አሠለጠኑ። ሜዳሊያ በአንገታቸው አልተንጠለጠለም፤ ዕውቀቱን ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው ያሻገሩት ግን እነርሱ ናቸው።

፭. ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ስታዲየም በስማቸው መሰየም ተገቢ ነው፤ የአዲስ አበባው የአበበ ቢቂላ ስታዲየም ለዚህ ምስክር ነው። ዩኒቨርሲቲ ግን ከስያሜ ያለፈ ሥራ አለበት። ሦስቱን ብቻ ልጥቀስ።

የመጀመሪያው ምስክርነትን መቅዳት ነው። የዚያ ዘመን የልምምድ ጓደኞች፣ የሕክምና ባለሙያዎች፣ የስፖርት ጋዜጠኞችና የቤተሰብ አባላት ዕድሜያቸው ገፍቷል። ምን ይበሉ ነበር? በሳምንት ስንት ቀን፣ በየትኛው ዳገት ይለማመዱ ነበር? ጉዳት ሲደርስባቸው ማን ያክማቸው ነበር? እነዚህን ጥያቄዎች ሊመልሱልን የሚችሉ ሰዎች በየዓመቱ እየተለዩን ነው። አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ አንድ አረጋዊ አሠልጣኝን በወጉ ቢያነጋግር አገራዊ ሀብት ያተርፋል።

ሁለተኛው እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ትረካዎችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። አበበ ወደ ሮም የሄደው በመጨረሻው ሰዓት፣ በተጎዳው በዋሚ ቢራቱ ምትክ ነው የሚል ታሪክ በሰፊው ይነገራል፤ ይህን የማይቀበሉ ትረካዎችም አሉ። የሚማርከንን መርጠን ከመጻፋችን በፊት ማን፣ መቼ፣ ከማን ሰምቶ እንደ ተናገረ እንመርምር።

ሦስተኛው የቀን አቆጣጠር ጥንቃቄ ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን የሮም ድል በአንድ ቀን ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ በእኛ አቆጣጠር 1953 ይሆን ነበር። ከአውሮፓው ዓመት ላይ በደፈናው ሰባት የሚቀንስ ጸሐፊ የአገሩን ታላቅ ድል ባልተፈጸመበት ዓመት ይመዘግበዋል፤ ተከታዩ ጸሐፊም ያንኑ ይቀዳል።

ውድ ተማሪዎች፣ እነዚህ ሰዎች ሥራቸውን ጨርሰዋል። ሮጠዋል፤ ተጎድተዋል፤ ተነሥተዋል፤ አንዳንዶቹ ከአገራቸው ርቀው አልፈዋል፤ ምሩጽ በ2009 ዓ.ም. ያረፈው በካናዳ ነበር። አሁን የቀረው ሥራ የእኛ ነው። በመጪው የጥናት ዘመን ርእስ ስትመርጡ በየአካባቢያችሁ ያለ አንድ የቀድሞ ሯጭ ወይም አሠልጣኝ አስቡ፤ ደብተራችሁንና መቅረጫችሁን ይዛችሁ በሕይወት ሳሉ ጎብኟቸው።