ክብደት ቢመለስም አቅም ገና ነው
በይፋት ቆላ ከምግብ እጥረት ያገገሙ ሕጻናትና የእርጎ ድርሻ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ መንገድ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሸዋ ሮቢት የይፋት ቆላ ገበያ ናት። ማሽላ፣ ማሾ፣ ሽንኩርትና ማንጎ ከዙሪያዋ ይወጣል፤ ላም፣ ፍየልና ግመልም ይታለብባታል። ይሁን እንጂ ምርት በአካባቢው መኖሩ ብቻውን የሕጻናትን ገበታ አይሞላም። በ2011 ዓ.ም በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕጻናት 41 በመቶ ያህሉ የቀነጨሩ ናቸው። ሸዋ ሮቢት በ2014 ዓ.ም ኅዳር ወር በጦርነት ውስጥ ማለፏ ደግሞ የብዙ ቤተሰብ ጓዳ ላይ ተጨማሪ ጫና ሆኗል።

የክንዱ ዙሪያ ከ11 ነጥብ 5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ሕጻን በከፋ የምግብ እጥረት ተይዟል ተብሎ ወደ ሕክምና ይገባል። በጤና ጣቢያና በጤና ኬላ በሚሰጠው አልሚ ምግብ ክብደቱ ሲመለስ ከመዝገብ ይሰናበታል። ጥያቄው የሚነሳው ከዚህ በኋላ ነው፤ ክብደቱ የተመለሰ ሕጻን በሽታን የመቋቋም አቅሙስ ተመልሷል?

በቦሊቪያዋ ኮቻባምባ ከተማ የተካሄደ ጥናት ለዚህ ምላሽ አለው። በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕጻናት ክብደታቸው በአንድ ወር ገደማ ሲስተካከል፣ የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት የሚጎለምሱበት ታይመስ የተባለው ዕጢ ግን ወደ ቦታው የተመለሰው በሁለት ወር ገደማ ነበር። ዚንክ ሲጨመርላቸው ጊዜው አጠረ። እንግዲህ ሕጻኑ ከሕክምና ወጥቶ ቤቱ በገባበት ወር ተቅማጥና ሳል በቀላሉ ሊጥሉት ይችላሉ።

ጠቃሚ ተዋሕስያን ያሉባቸው ምግቦች የሚነሱት እዚህ ላይ ነው። የምግብ እጥረት በአንጀት የሚኖሩትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ያዛባል። በይፋት ቤቶች እነዚህን ባክቴሪያዎች የያዘው ቅርብ ምግብ እርጎ ነው። እንጀራም በእርሾ ቢቦካም ምጣድ ላይ ሲጋገር ተዋሕስያኑ ይሞታሉ። ቡኮቱ ግን ከንቱ አይደለም፤ በእህሉ ውስጥ ብረትንና ዚንክን አስሮ የሚይዘውን ንጥረ ነገር ስለሚቀንስ ሰውነት የበለጠ እንዲጠቀም ያደርጋል።

ነገር ግን እርጎ መድኃኒት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 ውጤቱ የታተመውና 795 የማላዊ ሕጻናትን ያሳተፈው ጥናት በአልሚ ምግብ ላይ ጠቃሚ ባክቴሪያ መጨመር የሚያገግሙትን ቁጥር ከፍ እንዳላደረገ አሳይቷል። በአንጻሩ በባንግላዲሽ በሽምብራ፣ በለውዝ፣ በአኩሪ አተርና በአረንጓዴ ሙዝ የተዘጋጀ ምግብ የአንጀት ባክቴሪያዎችን በመመገብ የሕጻናቱን ዕድገት አሻሽሏል። ይህ የ2021 (እ.ኤ.አ.) ውጤት የሚያመለክተው ባክቴሪያውን ከማጉረስ ይልቅ ባክቴሪያው የሚመገበውን ማቅረብም እንደሚጠቅም ነው። ጥራጥሬ የሚያመርተው የይፋት ገበሬ ከዚህ የሚማረው አለ።

የቆላው ሙቀት ደግሞ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ወተት ፈጥኖ ይረጋል፤ ነገር ግን ሙቀቱ ጠቃሚውንም ጎጂውንም ተዋሕስያን እኩል ያራባል። ጥሬ ወተት የከብት ውርጃ በሽታንና የሳንባ ነቀርሳን ሊያስተላልፍ ይችላል፤ መርጋቱ ብቻውንም ከእነዚህ አያድንም። ስለዚህ ወተቱን ማፍላት፣ ክንድ ላይ ጠብ ሲል እስከማያቃጥል ማቀዝቀዝ፣ ከተፈላ ወተት በተዘጋጀ ንጹሕ እርጎ አንድ ማንኪያ ጨምሮ በንጹሕ ዕቃ ከድኖ ማስቀመጥ ይገባል። ዕቃውን በወይራ ማጠን የቆየ ጠቃሚ ልማድ ነው፤ የማፍላትን ቦታ ግን አይተካም።

ስድስት ወር ያልሞላው ሕጻን ከእናት ጡት ሌላ ምንም አይሰጠው። ከዚያ በኋላ ከማሽላና ከተከካ ማሾ የተዘጋጀ ወፍራም ገንፎ ከእርጎ ጋር ጥሩ ምግብ ነው። ገንፎው ላይ ጥቂት የብቅል ዱቄት ጨምሮ እንደገና ማብሰል ውኃ ሳይበዛበት ያቀጥነዋል፤ ሕጻኑም በትንሽ ሆዱ ብዙ ጉልበት ያገኛል። በሕክምና ላይ ያለ ሕጻን ግን የታዘዘለትን አልሚ ምግብ ማቋረጥ የለበትም።

ለወረዳ አመራሩም ሥራው ግልጽ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ከሕክምና የተሰናበተውን ሕጻን ስም ስታውቅ፣ የግብርና ልማት ሠራተኛው ደግሞ የትኛው ቤት የምትታለብ ፍየል እንደሌለው ያውቃል። ሁለቱ መዝገቦች በቀበሌ ደረጃ ከተገናኙ የፍየልና የዶሮ ድጋፍ ለሚያስፈልገው ቤት ይደርሳል። ገበሬውም ማሾውን ሁሉ ለገበያ ከማውጣቱ በፊት ለልጁ የሚሆነውን ለይቶ ያስቀምጥ። ያ ከሕክምና በኋላ ያለው ወር የሚያልፈው በጓዳ ባለው ነገር ነውና።