ተጨማሪ የግራውንድ ኬብል ለመኪና፦ እውነተኛ ጥቅም ወይስ ከንቱ ወጪ?

በመኪና ዕቃ መደብሮችና በኢንተርኔት ገበያዎች ላይ ደማቅ ቀለም ያላቸው ወፋፍራም ኬብሎችን የያዘ አንድ ጥቅል ይሸጣል። ሻጮቹ «የግራውንድ ማሻሻያ» ይሉታል። ከባትሪው ኔጌቲቭ ዋልታ ተነሥቶ በሞተሩና በመኪናው አካል ላይ በተለያዩ ቦታዎች የሚታሰረው ይህ የኬብል ስብስብ የሞተሩን ኃይል እንደሚጨምር፣ ነዳጅ እንደሚቆጥብ፣ መብራቱን እንደሚያደምቅ፣ አልፎ አልፎም የማርሽ ለውጡን እንደሚያለሰልስ ይነገርለታል። ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በጃፓን የመኪና ማሻሻያ ገበያ በስፋት ታውቆ ኋላም ወደ ሌላው ዓለም ተሻገረ። ዋጋው ከጥቂት አሥር ዶላሮች አንሥቶ ከመቶ ዶላር በላይ ይደርሳል።

ጉዳዩ መኪና ማስዋብ ለሚወዱ ወጣቶች ብቻ የሚተው አይደለም። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ፣ እንዲሁም በሌሎች የአሜሪካና የአውሮፓ ከተሞች በታክሲና በዕቃ ማድረስ ሥራ የሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። ለእነርሱ ጠዋት አልነሣም ያለ መኪና ማለት የዕለት ገቢ ማጣት ማለት ነው። የተበላሸው አንድ የዛገ ብሎን ሆኖ ሳለ ባትሪውን፣ ሞተሪኖውንና ዲናሞውን በየተራ ቀይሮ ገንዘቡን የሚጨርስ አሽከርካሪ አለ። ምንም ባልጎደለው መኪና ላይ በማስታወቂያ ተስቦ ኬብል የሚደረድርም አለ። ሁለቱም የከሰሩት ከመክፈላቸው በፊት ባለመለካታቸው ነው።

የመኪናው አካል እንደ ሽቦ

በቤት ውስጥ ለእያንዳንዱ አምፖል ኤሌክትሪክ የሚሄድበትና የሚመለስበት ሁለት ሽቦ ይዘረጋል። በመኪና ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚዘረጋው መሄጃው ብቻ ነው። የመመለሻውን ሥራ የሚሠራው የመኪናው የብረት አካል ራሱ ነው። ከባትሪው ኔጌቲቭ ዋልታ የሚወጣ ወፍራም ኬብል ከአካሉና ከሞተሩ ወይም ከማርሽ ሳጥኑ ጋር በብሎን ይታሰራል። የፊት መብራት፣ የነዳጅ ፓምፕ፣ ሬዲዮና ኮምፒውተሩ ሁሉ ኤሌክትሪካቸውን የሚመልሱት በዚሁ ብረት በኩል ነው። «ግራውንድ» የሚባለውም ይኸው የጋራ የመመለሻ መንገድ ነው።

ሞተሩ ንዝረት እንዲቀንስ በጎማ ትራሶች ላይ ይቀመጣል። ጎማ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ሞተሩን ከአካሉ ጋር የሚያገናኝ የተለየ ኬብል ያስፈልጋል፤ ብዙውን ጊዜ ከቀጫጭን የመዳብ ሽቦዎች እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ነው። ሞተሪኖውም ዲናሞውም በሞተሩ ላይ የታሰሩ በመሆናቸው ይህ ኬብል ሲላላ ወይም ሲበጠስ ችግሩ በመላው መኪና ይታያል።

ብረት ከመዳብ ጋር ሲነጻጸር ኤሌክትሪክን በብዙ እጥፍ ያነሰ ያስተላልፋል። ይሁን እንጂ የመኪናው አካል እጅግ ሰፊ ስለሆነ የሚያሳየው ሬዚስታንስ፣ ማለትም ፍሰትን የመግታት ባሕርይ፣ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ድክመቱ የሚገኘው በመጋጠሚያዎቹ ላይ ነው፤ ብሎኑ በላላበት፣ ቀለም በገባበት፣ ዝገት በበላው ቦታ።

ቁጥሮቹ የሚናገሩት

የኦም ሕግ እንደሚለው በአንድ መጋጠሚያ ላይ የሚጠፋው ቮልቴጅ በዚያ የሚያልፈው ከረንት በሬዚስታንሱ ሲባዛ የሚገኘው ነው። አንድ መቶኛ ኦም ሬዚስታንስ ያለው የዛገ ብሎን እንውሰድ። በእርሱ በኩል ግማሽ አምፔር ገደማ የምትወስድ ትንሽ አምፖል ብትበራ የሚጠፋው አምስት ሺኛ ቮልት ብቻ ነው፤ ማንም አያስተውለውም። ሞተሪኖው ግን ሞተሩን ሲያዞር 150 አምፔር ወይም ከዚያ በላይ ሊስብ ይችላል። በዚያው ብሎን ላይ ያን ጊዜ 1.5 ቮልት ይጠፋል። ባትሪው በዚያች ቅጽበት ወደ 10.5 ቮልት ወርዶ ከሆነ ለሞተሪኖው የሚደርሰው 9 ቮልት ብቻ ነው። ብሎኑም 225 ዋት ሙቀት ያመነጫል። አሽከርካሪው የሚሰማው ሞተሩ እያቃሰተ ሲዞር ነው፤ «ባትሪው ሞቷል» ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም።

ጤናማ ግራውንድ ባለው መኪና ላይ ስሌቱ ይገለበጣል። መኪናው በመንገድ ላይ ሳለ 40 አምፔር ይጠቀማል፣ በግራውንዱም ላይ 0.1 ቮልት ይጠፋል እንበል። የሚባክነው ኃይል 4 ዋት ነው። አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ያህል ነው። አዲሱ ኬብል ብክነቱን ጨርሶ ቢያጠፋው እንኳ የሚተርፈው ከአንድ የፈረስ ጉልበት መቶኛ ያነሰ ነው። በአውራ ጎዳና ላይ በእኩል ፍጥነት ለሚሄድ፣ 15 ኪሎዋት ለሚያስፈልገው መኪና ደግሞ ይህ ከሦስት ሺህ አንድ እጅ አይሞላም። እንዲህ ያለውን ልዩነት የነዳጅ መለኪያም የአሽከርካሪ እግርም አይለየውም።

በዚህ ላይ የዘመናዊ ሞተር መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር የባትሪውን ቮልቴጅ ዘወትር ይከታተላል። ቮልቴጁ ዝቅ ሲል ነዳጅ ለሚረጨው መርፌ የሚሰጠውን የመክፈቻ ጊዜ ትንሽ ያስረዝማል፤ ለካንዴላው እሳት የሚሰጠውን ኮይልም ረዘም ላለ ጊዜ ይሞላል። ስለዚህ የጥቂት መቶኛ ቮልት ልዩነት ወደ ሞተሩ ኃይል የሚሸጋገርበት መንገድ የለም።

ነዳጅ እንቆጥባለን የሚሉ ዕቃዎችን በሚመለከት የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ባለፉት ዓመታት ከመቶ በላይ የሚሆኑትን መርምሮ ጥቅም ያሳዩት እጅግ ጥቂቶች መሆናቸውን አስታውቋል። ያ ምርመራ የግራውንድ ኬብልን ነጥሎ የተመለከተ ባይሆንም ተስፋ በሚሰጥ ማስታወቂያና በሚለካ ውጤት መካከል ያለውን ርቀት ያሳያል።

ታዲያ ለውጥ የሚሰማቸው ለምንድን ነው?

ኬብሉን አስገጥመው «መኪናዬ ተለወጠ» የሚሉ ሰዎች ሁሉ ይዋሻሉ ማለት አይደለም። አንደኛ፣ ኬብሉ ሲገጠም ነባሮቹ ብሎኖች ይፈታሉ፣ ይጠረጋሉ፣ ጠበቅ ተደርገውም ይታሰራሉ። መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ ይህ ጽዳት ነው፤ ምስጋናውን ግን አዲሱ ኬብል ይወስደዋል። ሁለተኛ፣ ለሥራው ሲባል ባትሪው ይነቀላል። በብዙ መኪናዎች ላይ ይህ ኮምፒውተሩ ስለ ነዳጅ ድብልቅና ስለ ማርሽ አለዋወጥ የተማረውን ስለሚያጠፋ፣ እንደገና እስኪማር ድረስ መኪናው ለጥቂት ቀናት ጠባዩን ይቀይራል። ሦስተኛው የታወቀው የሰው ልጅ ጠባይ ነው፤ ገንዘብ ያወጣበትን ነገር ጥሩ ሆኖ ማግኘት ይፈልጋል።

ግራውንድ በእውነት ሲታመም

ይህ ሁሉ ግራውንድ ችግር የለበትም ማለት አይደለም። በሰሜን አሜሪካና በሰሜን አውሮፓ በክረምት በረዶ ለማቅለጥ በመንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ከመኪናው ሥር ገብቶ መጋጠሚያዎችን ይበላል። መዳብ፣ ብረትና አሉሚኒየም በሚነካኩበት ቦታ ጨዋማ ውኃ ሲገባ ዝገቱ ይፋጠናል። አሥር ክረምት ያለፈበት መኪና የግራውንድ ብሎኖቹ ቢመረመሩለት የሚያስደንቅ አይደለም።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሁኔታው ይለያል። ከፍተኛ ሙቀት የባትሪን ዕድሜ ስለሚያሳጥር፣ በዚያ መኪና በዝግታ ሲነሣ አስቀድሞ የሚጠረጠረው ባትሪው ራሱ ነው። በባሕር ዳርቻ ከተሞች ግን ጨዋማው እርጥበት መጋጠሚያዎቹንም ያጠቃል።

በኢትዮጵያ ደግሞ ያገለገሉ መኪናዎች ብዙ ናቸው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ ያሉትን ጠብቆ ማቆየት ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል። ከአደጋ በኋላ አካሉ ተጠግኖ በተቀባ መኪና ላይ የግራውንድ ብሎን በቀለም ላይ ታስሮ መገኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም።

ምልክቶቹ ልዩ ናቸው። ፍሬን ሲያዝ ፍሬቻው አብሮ ብልጭ ድርግም ይላል፤ አንድ ዕቃ ሲበራ ሌላው ይደበዝዛል፤ ባትሪው አዲስ ሆኖ ሳለ ሞተሪኖው ያቃስታል። በአሮጌ መኪና ላይ ደግሞ ሞተሩን ከአካሉ የሚያገናኘው ኬብል ሲበጠስ፣ ከረንቱ ሌላ መመለሻ ፈልጎ በነዳጅ መስጫው ወይም በማርሹ የብረት ገመድ በኩል ሊያልፍ ይችላል። ያ ቀጭን ገመድ ለዚህ የተሠራ ስላልሆነ ይግላል፤ መሸፈኛውም ይቀልጣል። የማርሽ ገመድ ቀይሮ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ዳግም ለሚነክስበት ሰው መልሱ በዚህ ሊሆን ይችላል።

በአሥር ደቂቃ የሚያልቅ ምርመራ

ለዚህ የሚያስፈልገው ከኬብሉ ጥቅል ያነሰ ዋጋ ያለው ተራ ቴስተር ነው። ቴስተሩን በኦም መለኪያ ላይ አድርጎ መመርመር ግን ያሳስታል። የመለኪያው ገመዶች ብቻቸውን ከአንድ አሥረኛ ኦም በላይ ሊያሳዩ ስለሚችሉ፣ መኪናን የሚያቆም አንድ መቶኛ ኦም በመካከሉ ይሰወራል። መለካት ያለበት ከባድ ከረንት በሚያልፍበት ጊዜ የሚጠፋው ቮልቴጅ ነው።

መኪናው በፓርክ ወይም በዜሮ ማርሽ ሆኖ የእጅ ፍሬኑ ይያዛል። ቴስተሩ በዲሲ ቮልት ላይ ይደረጋል። አንዱ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ዋልታ ላይ፣ ሌላው ቀለም በሌለበት የሞተሩ ብረት ላይ ይያዛል። ሌላ ሰው መኪናውን ሲያስነሣ ቁጥሩ ይነበባል። ከ0.2 ቮልት በታች ከሆነ የሞተሩ ግራውንድ ጤናማ ነው። ከ0.5 ቮልት ካለፈ ችግር አለ። ቀጥሎ ሞተሩ ተነሥቶ መብራቱ፣ አየር ማራገቢያውና የኋላ መስታወት ማሞቂያው እየሠሩ በባትሪው ዋልታና በመኪናው አካል መካከል ይለካል። በዚህ ጊዜ ከ0.1 ቮልት መብለጥ የለበትም። እጅና ልብስ ከሚሽከረከሩ ማራገቢያዎችና ቀበቶዎች መራቅ ይኖርባቸዋል።

ቁጥሩ ከፍ ካለ የቴስተሩን ጫፍ ደረጃ በደረጃ ማንቀሳቀስ ይገባል፤ ከዋልታው ወደ ማሰሪያው፣ ከማሰሪያው ወደ ኬብሉ ጫፍ፣ ከኬብሉ ጫፍ ወደ ብረቱ። ቁጥሩ የዘለለበት ቦታ ሕመሙ ያለበት ነው። ያን ጊዜ የባትሪው ኔጌቲቭ ኬብል ተፈትቶ መጋጠሚያው ብረቱ እስኪያበራ በሽቦ ብሩሽ ይጠረጋል፣ በደንብ ይታሰራል፣ እርጥበት እንዳይገባውም ግሪስ ይቀባል። ኬብሉ ራሱ ውስጡ ከበሰበሰ በተመሳሳይ ውፍረት አንድ ኬብል መቀየር ይበቃል። በፖዘቲቭ በኩልም፣ ማለትም ከባትሪው ፖዘቲቭ ዋልታ እስከ ሞተሪኖው ድረስ፣ ያው ልኬት መደገም አለበት፤ ሕመሙ በዚያ በኩል ሆኖ ሳለ ግራውንዱ ሲወቀስ የሚውልበት ጊዜ አለና።

ለማን ይጠቅማል? ምን ያስጠነቅቃል?

ተጨማሪ ኬብል በእርግጥ የሚያስፈልጋቸው መኪናዎች አሉ። ከፋብሪካ ሲወጣ ያልታሰበ ከባድ ጭነት የተጨመረባቸው ናቸው፤ ኃይለኛ የሙዚቃ ማጉያ፣ መኪና የሚጎትት ዊንች ወይም ከነባሩ የበለጠ ዲናሞ የተገጠመላቸው። በእነዚህ ላይ ግራውንዱን ብቻ ማወፈር አይበቃም፤ ከዲናሞው ወደ ባትሪው የሚሄደው የፖዘቲቭ ኬብልም አብሮ መወፈር አለበት። በሚጨመረው የፖዘቲቭ ኬብል ላይ በባትሪው አጠገብ ፊውዝ ማድረግ ግዴታ ነው። ፊውዝ የሌለው ወፍራም ኬብል ተፍቆ ብረት ከነካ መኪናውን ሊያቃጥል ይችላል።

በብዙ አዳዲስ መኪናዎች የባትሪው ኔጌቲቭ ማሰሪያ ላይ ወደ ባትሪው የሚገባውንና የሚወጣውን ከረንት የሚቆጥር ትንሽ መሣሪያ አለ። ተጨማሪ ኬብል በቀጥታ በዋልታው ላይ ከታሰረ በእርሱ በኩል የሚያልፈው ከረንት ሳይቆጠር ይቀራል። ኮምፒውተሩም ባትሪውን በተሳሳተ መጠን ይሞላል። በእነዚህ መኪናዎች ላይ ኬብሉ መታሰር ያለበት ከመሣሪያው ወዲያ በአካሉ ላይ ነው። በሃይብሪድና በኤሌክትሪክ መኪናዎች ደግሞ ከአካሉ ጋር የተያያዘው የ12 ቮልቱ ክፍል ብቻ ነው። ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸው የከፍተኛ ቮልቴጅ ኬብሎች ከአካሉ ተነጥለው የተዘረጉ ሲሆን፣ ሥልጠና የሌለው ሰው ሊነካቸው አይገባም።

ስለዚህ በጤናማ መኪና ላይ የግራውንድ ጥቅል መግዛት ያልታመመን ሰው መድኃኒት እንደ ማስዋጥ ነው። በታመመ ግራውንድ ላይም ቢሆን ዝገቱን ሳይጠርጉ አዲስ ኬብል መደረብ በሽታውን መሸፈን ነው። ጋራዥ ሄዶ «ሞተሪኖው ይቀየር» ወይም «ባትሪው አልቋል» ለተባለ አሽከርካሪ፣ ኪሱን ከመክፈቱ በፊት የሚያቀርበው አንድ አጭር ጥያቄ አለ፦ «ሲነሣ በግራውንዱ ላይ ስንት ቮልት ጠፋ?» ቁጥር የያዘ መልስ የሚሰጥ መካኒክ መኪናውን መርምሯል። ቁጥር የሌለው ገና አልለካም።