አገር ፍቅር ቴአትርና የተጫዋች ክብር

በአዲስ አበባ ከአራዳ ጊዮርጊስ ብዙ ሳይርቅ በፒያሳ የሚገኘው አገር ፍቅር ቴአትር፣ በአገራችን ካሉት ቴአትር ቤቶች ሁሉ በዕድሜ የሚቀድም ነው። በሌላ አገር ቴአትር ማየት የለመደ ሰው ስለዚህ ቤት ልማድ ሲሰማ አንድ ጥያቄ ይነሣበታል። ይኸውም በአንድ መድረክ ላይ፣ በአንድ ምሽት፣ ከቴአትሩ ጋር መሰንቆውና ክራሩ፣ ዋሽንቱና ከበሮው፣ እስክስታውና ሽለላው አብሮ የሚቀርብበት ምክንያት ምንድን ነው? የሚል ነው። ነገሩ እንዲሁ ለማድመቂያ ብቻ የተደረገ ይመስላል። ታሪኩ ሲመረመር ግን በሕዝቡ ዘንድ ስለ ተጫዋች ክብር የነበረው አስተያየት እንዴት እንደ ተለወጠ የሚያሳይ ሆኖ ይገኛል።

በደጋው አገር በቀድሞው ልማድ የአዝማሪ ነገር ሁለት መልክ ነበረው። መኳንንቱ በግብርም ሆነ በዘመቻ አዝማሪ ከአጠገባቸው አይለዩም ነበር፤ ሠርግም ያለ እርሱ አይደምቅም። በሰምና በወርቅ አድርጎ ሹሙን ፊት ለፊት ሊነካ የሚደፍርም እርሱ ነበር። ይህም ሁሉ ሆኖ፣ ልጄ አዝማሪ ይሁንልኝ ብሎ የሚመኝ ባለርስት አይገኝም፤ ስሙም ለስድብ ይውል ነበር። ሕዝቡ ጨዋታውን ይወድዳል፤ ተጫዋቹን ግን ይንቃል።

የአውሮፓ ዐይነት ቴአትር ወደ አገራችን የገባው ይህ አስተያየት ጸንቶ በነበረበት ጊዜ ነው። በሩሲያ የተማሩትና በፈረንሳይም የነበሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ ቴአትር ይታያል ተብለው ተጠርተው ቢሄዱ ያገኙት ዘፈንና ጭፈራ ብቻ ስለ ሆነ፣ እውነተኛው ቴአትር እንዴት ያለ እንደ ሆነ ለማሳየት ብለው በ1913 ዓ.ም. ገደማ «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ድርሰት ጻፉ። ምሳሌውን ከላ ፎንቴን ተረቶች ወስደው የጊዜውን አስተዳደር ጉድለት በአውሬዎች አንደበት ስለ ነቀፉበት፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ቴአትር ማሳየት ተከለከለ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ የመጀመሪያው ደራሲ ቴአትርን ከዘፈን ለይተው ለማቆም አስበው እንደ ነበር ነው።

ከ1923 ዓ.ም. የንግሥ በዓል በኋላ ቴአትር በትምህርት ቤቶች እንደ ገና ተጀመረ። በዚህ ጊዜ ከታወቁት ደራስያን አንዱ፣ በጎጃም በደብረ ኤልያስ ቅኔ የተማሩት ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው። ከድርሰቶቻቸው አንዱን «ጥቅም ያለበት ጨዋታ» ብለው ሰይመውታል። የዚህ ስም ትርጓሜ ቀላል አይደለም። ጨዋታ ሁሉ ከንቱ ነው ለሚል ተመልካች፣ ጥቅም ያለበትም አለ ብሎ አስቀድሞ መልስ የሚሰጥ ነው። ዮፍታሔ ግን ዜማን ከመድረክ አላስወጡም፤ በቤተ ክርስቲያን የተማሩትን ቅኔና ዜማ ይዘው ገቡ እንጂ።

በ1927 ዓ.ም. የኢጣልያ ወረራ በተቃረበ ጊዜ፣ ሕዝቡን ለአገሩ ነጻነት ለማነሣሣት በመኰንን ሀብተ ወልድ መሪነት የአገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበሩ ሥራውን የጀመረው በንግግር፣ በግጥም፣ በመዝሙርና በፉከራ ነበር። ስለዚህ ንግግሩና ዜማው በዚህ ማኅበር ከመጀመሪያው ተጣምረው ተወለዱ፤ ቴአትሩም ከሁለቱ መካከል አደገ። ከላይ ለተነሣው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው።

ጠላት አገሩን በያዘ ጊዜ ማኅበሩ ተበተነ፤ ዮፍታሔም ወደ ሱዳን ተሰደዱ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ ፋሺስቶቹ ጠንቋዮችን፣ ባሕታውያንንና አዝማሪዎችን እያደኑ ገደሉ። ወሬና ተስፋ ከመንደር መንደር የሚያዛውሩ እነዚህ ናቸው ብለው ስለ ፈሩ ነው። የገዛ ወገኑ ይንቀው የነበረውን አዝማሪ፣ ጠላት የቃሉን ኀይል ዐውቆ ፈራው።

ከነጻነት በኋላ ማኅበሩ እንደ ገና ተቋቁሞ በፒያሳ ባለው አዳራሽ ተቀመጠ። ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ የመሰንቆና የክራር ዐዋቂዎች፣ ዘፋኞችና ጨፋሪዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ተሰበሰቡ። እንደ ኢዮኤል ዮሐንስ ያሉ ደራስያንም ለዚሁ መድረክ ብዙ ቴአትር ጻፉ። ቀድሞ ከጌታ እጅ ሽልማት ይጠብቅ የነበረው ተጫዋች በወር ደመወዝ የሚያድር ሠራተኛ ሆነ፤ ሥራውም የአገር ፍቅር ተብሎ ተጠራ። ክብሩ የመነጨው ከዚህ ስም ነው።

ንቀቱ ግን በአንድ ቀን አልጠፋም። ከሁሉ ይልቅ የከበደው በሴቶች ላይ ነበር። በመጀመሪያ የሴትን ጠባይ ይዘው የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ፤ ሴት በመድረክ መቆሟ እንደ ነውር ይቈጠር ነበርና። ዘግይተው ወደ መድረክ የወጡት ሴቶች፣ ከመጀመሪያዎቹ አንዷ የሆነችው ባለክራሯ አስናቀች ወርቁም ጭምር፣ ሙያቸውን ያሳዩት የሰውን ሐሜት ተሸክመው ነው። ወንዶቹም ቢሆኑ ከዚህ ነጻ አልነበሩም። ጥላሁን ገሠሠ በልጅነቱ ወደ አገር ፍቅር ሲመጣ፣ አያቱ ከዘፈኑ ይልቅ ትምህርቱን እንዲይዝ ይፈልጉ ነበር። በኋላ አገሩ በሙሉ በስሙ የኰራበት ሰው መሆኑ፣ የሕዝቡ አስተያየት በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ምን ያህል እንደ ተለወጠ ያስረዳል።

ይህ ለውጥ የመጣው በመድረኩ በኩል ብቻ አይደለም፤ በተመልካቹም በኩል ነው። በጠጅ ቤት ተቀምጦ አዝማሪን የሚሰማ ሰው ግጥም ይሰጣል፣ ያዘዛል፣ ሲፈልግም ያቋርጣል። በአዳራሹ ግን ከፍሎ የገባው ሁሉ ፊቱን ወደ መድረኩ መልሶ፣ ጨዋታው እስኪፈጸም ዝም ብሎ ማዳመጥን መማር ነበረበት። ባለጠጋው ገንዘቡን በተጫዋቹ ግንባር ላይ ለጥፎ ጨዋታውን በእጁ ሊያደርግ አይችልም። ይህን ሥርዐት መልመድ ራሱ ተጫዋቹን ማክበር ነው።

በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ ከፒያሳ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰው፣ ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረዋል። ስለ ቅርስ በሚነገርበት ጊዜ ዐይን አስቀድሞ የሚያየው ግንቡንና ጣሪያውን ነው። የቴአትር ቤት ቅርስ ግን ሁለት ነው፤ አንዱ በአዳራሹ፣ ሁለተኛው ማጨብጨብንና ዝም ማለትን በዚያ በተማረው ሕዝብ ዘንድ ይገኛል። ግንቡ ቢጠበቅ ለመጪው ትውልድ ይቈያል። ያ ተመልካች ግን በየሰፈሩ ተበትኖ የሚያስታውሰውን ሳይናገር ካለፈ፣ ተጫዋች እንዴት እንደ ተከበረ የሚመሰክር አይገኝም። ስለዚህ የባህል ተመራማሪዎች የድርሰቱንና የተዋናዩን ስም ሲመዘግቡ፣ የተመልካቹንም ቃል አብረው ሊጽፉ ይገባቸዋል።