ከታች ላለው ሰው ሲባል፦ የሀረና ደንና የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ

በአቃቂ በሰቃ አካባቢ የምትኖሩ ከሆነ የታመመ ወንዝ ምን እንደሚመስል ማንም ሊነግራችሁ አያስፈልግም። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ከከተማው በላይ ካሉት ተራሮች ንጹሕ ሆነው ይነሣሉ። ወደ እኛ ሲደርሱ ግን የፋብሪካ ዝቃጭና የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ተሸክመዋል። ከዚያም ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባሉ፤ ከአባ ሳሙኤልም ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። በመንገዳቸው ጎመንና ሰላጣ ይለማባቸዋል፤ ከብትም ይጠጣቸዋል። ከላይ ያለው ሰው የጣለውን ከታች ያለው ሰው ይቀበላል።

ታዲያ ከላይ ያለው ምንጭ ሳይበላሽ ቢጠበቅስ? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠን በአገራችን አንድ ቦታ አለ። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክና በውስጡ ያለው የሀረና ደን ነው።

ሀረና ምን ዓይነት ደን ነው?

ፓርኩ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1970 ሲሆን ስፋቱ ወደ 2,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከጎባ ተነሥታችሁ ወደ ደሎ መና ብትጓዙ በመጀመሪያ ብርዳማው የሳነቴ አምባ ይቀበላችኋል። በኢትዮጵያ በከፍታው ሁለተኛ የሆነው 4,377 ሜትር ያለው ቱሉ ዲምቱም የሚገኘው እዚያው ነው። ከአምባው ቁልቁል ስትወርዱ አስታ የሸፈነው ቀበቶ ይመጣል፤ ቀጥሎ የሪራ መንደር፣ ከዚያም ቀርከሃና ኮሶ፣ በመጨረሻም ፀሐይ በጭንቅ የሚገባበት ጥቅጥቅ ያለ እርጥብ ደን። ሀረና ይህ ነው። ቡና ሰው ሳይተክለው በዛፎቹ ጥላ ሥር ይበቅልበታል። አንበሳና ጉሬዛም ይኖሩበታል። በዓለም ላይ በደቡብ ኢትዮጵያ ደጋዎች ብቻ የምትገኘውና በአብዛኛው የቀርከሃ ቅጠል የምትመገበው የባሌ ጦጣም መኖሪያዋ እዚሁ ነው።

ደኑ ውሃን የሚጠብቀው እንዴት ነው?

ዝናብ በራቁት ተዳፋት ላይ ሲወርድ አፈሩን ይዞ በአንድ ጊዜ ይሮጣል፤ ክረምቱ ሲያልፍ ወንዙም ይደርቃል። በደን ላይ ሲወርድ ግን ቅጠሉ ኃይሉን ይሰብርለታል፤ የረገፈው ቅጠል እንደ ስፖንጅ ይይዘዋል፤ ሥሩም ወደ መሬት ውስጥ ያሰርገዋል። መሬቱ ያጠራቀመውን ውሃ በበጋ ቀስ እያለ ይለቀዋል። ዋቢ ሸበሌ፣ ገናሌና ዌይብ ውሃቸውን ከባሌ ተራሮች ያገኛሉ። ኦጋዴን ውስጥ ግመሉን የሚያጠጣው አርብቶ አደርና በሶማሊያ በወንዝ ዳር የሚያርሰው ገበሬ የእነዚህን ተራሮች ውሃ ይጠብቃሉ። ብዙዎቹ ግን ተራራውን በዓይናቸው አይተው አያውቁም።

አደጋው ከየት ይመጣል?

1. እርሻና ሰፈራ። የሕዝቡ ቁጥር ሲጨምር ማሳው ወደ ደኑና ወደ አምባው ይገፋል።

2. ግጦሽ። በዘመናት ልማድ ከብት በወቅቱ ወደ ደን እየተነዳ ይመለስ ነበር። ዛሬ ግን ከብቱ በዝቷል፤ ብዙዎችም እዚያው ከርመው ይቀራሉ።

3. እሳት። ለከብት አዲስ ሣር እንዲበቅል ተብሎ አስታው ይቃጠላል። እ.ኤ.አ. በ2000 የተነሣው ቃጠሎ በባሌ ሰፊ ደን አጥፍቷል።

4. በሽታ። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ለአካለ መጠን የደረሰው ቁጥሩ ከ500 እንደማይበልጥ ይገመታል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነውም በባሌ ነው። ከእረኞች ጋር የሚሄዱት ውሾች የእብድ ውሻ በሽታን ያስተላልፉበታል። እ.ኤ.አ. በ2003 በሽታው በገባባቸው የዌብ ሸለቆ መንጋዎች ውስጥ ከነበሩት ቀበሮዎች አብዛኞቹ ሞተዋል።

ምን እየተደረገ ነው?

እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የሚሠራው የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም በአካባቢው ያሉ ውሾችን ይከትባል። በ2018 ደግሞ ለቀበሮዎቹ ራሳቸው በሥጋ ውስጥ የተደበቀ ክትባት መስጠት ተጀምሯል። ፓርኩ በ2014 ድንበሩ በሕግ ጸና፤ በመስከረም 2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

ይሁን እንጂ ወረቀት ብቻውን ደን አይጠብቅም። በደኑ ውስጥና ዙሪያ የሚኖረው ሰው ልጆቹን መመገብ አለበት፤ ዛፍ የሚቆርጠውም አብዛኛውን ጊዜ ክፉ ስለሆነ ሳይሆን ሌላ ስለሌለው ነው። በባሌ የተጀመረው አሳታፊ የደን አስተዳደር የሚነሣው ከዚህ እውነት ነው። የመንደሩ ሰዎች ተደራጅተው ከመንግሥት ጋር ይዋዋላሉ፤ ደኑን ይጠብቃሉ፤ በምትኩም የጫካ ቡናውንና ማሩን የመሸጥ መብት ያገኛሉ። ዛፉ ቆሞ የሚያበላው ሰው ዛፉን ለመቁረጥ አይቸኩልም። ይህ ሁሉንም ችግር ፈትቷል ማለቴ አይደለም፤ የሰፈራውና የግጦሹ ጫና ዛሬም አለ። ነገር ግን ጠባቂውን ከሚጠበቀው ጋር የሚያስታርቅ መንገድ ነው።

እንግዲህ እኛስ?

ለመጀመሪያው ሰው የተሰጠው የመጀመሪያ ሥራ የተቀመጠባትን ስፍራ ማልማትና መጠበቅ እንደነበር እናውቃለን። ሁለቱ አብረው የተሰጡ ናቸው፤ ያለ ጥበቃ ልማት የለም። ባልንጀራችን ማነው ብለን ስንጠይቅም አጥር የሚያዋስነን ሰው ብቻ እንዳይመስለን። የእኛን ፍሳሽ የሚጠጣው፣ ከአባ ሳሙኤል በታች በአዋሽ ዳር ያለው ገበሬም ባልንጀራችን ነው። ፊቱን አናውቀውም፤ እርሱም አያውቀንም።

በሪራ የሚኖር አንድ አባት ዛፍ ሳይቆርጥ ሲቀር የማያውቀውን ሰው ያጠጣል። እኛም በአቃቂ ቆሻሻችንን ወደ ወንዙ ከመጣላችን በፊት፣ የተጠቀምንበትን የሞተር ዘይትና የልብስ ማጠቢያ ውሃ ወደ ቦዩ ከመድፋታችን በፊት፣ ከታች ያለውን ሰው እናስብ። ከላይ ያሉት ስለ እኛ እንዲያስቡልን የምንመኘውን ያህል እኛም ከታች ላሉት እናስብላቸው።