ባዶ ኪስ ይዞ ወደ መኪና ውድድር

የመኪና ውድድር የሀብታም ልጅ ስፖርት ነው ሲባል እሰማለሁ። ውሸት አይደለም። መሮጥ ያማረው ልጅ በባዶ እግሩም ቢሆን ሜዳ ወጥቶ ይጀምራል። መኪና ግን ነዳጅ ይጠጣል፣ ጎማ ይጨርሳል፣ ሲጋጭ ደግሞ ባለቤቱን ያደኸያል። የመርሴዲስ ፎርሙላ ዋን ቡድን መሪ ቶቶ ቮልፍ፣ አንድ ልጅ በትንሿ የካርት መኪና ጀምሮ ፎርሙላ ዋን እስኪደርስ 8 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ እንደሚፈጅ አስልቶ ተናግሯል። ይህ ሁሉ ወጥቶም በመላው ዓለም ያለው ወንበር ቢበዛ 22 ነው።

እኔ በአዲስ አበባና በጅማ መስመር የምሠራ የጭነት መኪና ሾፌር ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ሰኮሩ ነው፤ ሥራውንም የተማርኩት በረዳትነት ነው። ሰኮሩ ላይ ለምሳ ስቆም የሠፈር ልጆች ስልካቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ሉዊስ ሃሚልተንን ያሳዩኛል፤ «ጋሼ፣ እኛ እዚህ የምንደርሰው በምንድን ነው?» ይሉኛል። አጭሩ መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ገንዘቡን የግድ አንድ ሰው ይከፍላል። ድሃ ልጅ ማድረግ የሚችለው ሌላ ሰው ሊከፍልለት የሚፈልገው ባለሙያ መሆን ነው።

ሃሚልተንን ራሱን እንየው። እ.ኤ.አ. በ1985 እንግሊዝ አገር ተወለደ፤ የአባቱ ቤተሰብ ከግሬናዳ የመጣ ስደተኛ ነው። በ8 ዓመቱ አካባቢ ካርት መንዳት ሲጀምር አባቱ አንቶኒ ወጪውን ለመሸፈን ሥራ በሥራ ላይ ይደርብ ነበር፤ የሚሸጡ ቤቶች ፊት ማስታወቂያ እስከ መትከል ደርሷል። ልጁ በ10 ዓመቱ በአንድ የሽልማት ምሽት የፎርሙላ ዋን ቡድኑ የማክላረን አለቃ ሮን ዴኒስ ዘንድ ቀርቦ፣ አንድ ቀን ለቡድኑ መንዳት እንደሚፈልግ ነገረው። ማክላረን እ.ኤ.አ. በ1998 አስፈርሞት ወጪውን ተረከበ። እ.ኤ.አ. በ2007 የመጀመሪያው ጥቁር የፎርሙላ ዋን ሾፌር ሆነ፤ ዛሬ የ7 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ነው። የፈረንሳዊው የፎርሙላ ዋን ሾፌር የኤስቴባን ኦኮን ቤተሰብ ደግሞ ቤቱንና የአባትየውን ጋራዥ ሸጦ፣ በካራቫን ውስጥ እየኖረ ከውድድር ውድድር ሲንከራተት ቆይቷል። ኦኮን እ.ኤ.አ. በ2021 የሃንጋሪን ውድድር አሸነፈ።

እነዚህ ታሪኮች ደስ ይላሉ፤ ለሰኮሩ ልጅ ግን ሩቅ ናቸው። ሁለቱም ቢቸገሩም የካርት ሜዳ በሞላበት አገር ነው ያደጉት። እኛን የሚመስለው ታሪክ ያለው ከሞያሌ ማዶ፣ ኬንያ ውስጥ ነው።

ጆጊንደር ሲንግ እ.ኤ.አ. በ1932 ኬሪቾ በምትባል የሻይ አገር ተወለደ። ዘሩ ከሕንድ ነው፤ ሥራውን የጀመረው ጋራዥ ውስጥ መፍቻ በማቀበል ነው። ቀጥሎም የምሥራቅ አፍሪካ አውቶሞቢል ማኅበር ቀጥሮት በየመንገዱ የተበላሹ መኪናዎችን ሲያስነሳ ኖረ። ውድድር የገባው በ26 ዓመቱ ገደማ ነው፤ ለዚህ ስፖርት ሽማግሌ በሚያሰኝ ዕድሜ። እ.ኤ.አ. በ1965 ሌሎች የተወዳደሩባትን አንዲት አሮጌ ቮልቮ አስተካክሎ ከወንድሙ ጋር የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ አሸነፈ። እ.ኤ.አ. በ1974 እና በ1976 በሚትሱቢሺ ላንሰር ደገመው። «በራሪው ሲክ» ይሉት ነበር። የፋብሪካ ቡድኖች የፈለጉት ፈጣን ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ያንን ሁሉ ጭቃና ድንጋይ አልፎ መኪናዋን እስከ መጨረሻው የሚያደርስ ሰው ስለነበር ነው።

ራሊ ማለት መኪኖች ጎን ለጎን ተሰልፈው የሚሽቀዳደሙበት ውድድር አይደለም። በየተራ ይለቀቃሉ፤ ለሌላ መኪና በተዘጋ መንገድ ላይ ሰዓት ይያዝባቸዋል። ከአንዱ የተዘጋ መንገድ ወደ ሌላው ሲያቋርጡ ግን እንደማንኛውም ሾፌር የትራፊክ ሕግ ያከብራሉ፤ መቆጣጠሪያው ጋ ከሰዓቱ ቀድሞ የደረሰም ይቀጣል። ከሾፌሩ ጎን ናቪጌተር አለ። አስቀድመው መንገዱን አብረው አይተው የጻፉትን ማስታወሻ እያነበበ፣ ቀጣዩ ኩርባ ምን ያህል እንደሚጠብ ይነግረዋል። ጎማ ከፈነዳ ወይም አንድ ነገር ከተሰበረ መንገድ ላይ የሚጠግኑት ሁለቱ ራሳቸው፣ መኪናዋ ላይ በያዙት ዕቃ ብቻ ነው። ስለዚህ መካኒክነት የማያውቅ ልጅ ራሊ ላይ ግማሽ ሾፌር ነው።

የመንዳቱን ጥበብ ደግሞ የእኛ መንገድ ራሱ ያስተምራል። ከሰኮሩ ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ አበልቲን አልፈን ወደ ጊቤ በረሃ እንወርዳለን። ቡና የጫነ አይሱዙ ያንን ቁልቁለት ፍሬን እየረገጠ ከወረደ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፤ የተቃጠለው ሽታ ጋቢና ድረስ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ፔዳሉን ቢረግጡትም የሚይዘው ትንሽ ነው። የበሰለ ሾፌር ገና ከላይ ማርሽ ቀንሶ ይገባል፤ መኪናውን ሞተሩ ይይዝለታል፤ ፍሬኑን ለኩርባ ያቆየዋል። ኩርባው ጋ ሳይደርስ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ዓይኑን ወደ መውጫው ይልካል፣ መሪውን ሳይነጭቅ ያዞራል፣ መንገዱ ሲከፈትለት ነዳጅ ይሰጣል። የውድድር አስተማሪ ለጀማሪ መጀመሪያ የሚያሳየውም ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ከልጆቹ ጋር ቁጭ ስንል የምመክራቸው ይህ ነው። ጋራዥ ግቡ። መጀመሪያ የምትሠሩት ብሎን መፍታትና ዕቃ ማጠብ ቢሆንም፣ ካምቢዮ ሲወርድ፣ ፍሪሲዮን ሲቀየር፣ ባሌስትራ ሲታሰር ዓይናችሁ እዚያ ይሁን። ዕድሜያችሁ 18 ሲሞላ መንጃ ፈቃዱን በትምህርት አውጡት። ንባብና እንግሊዝኛ አትናቁ፤ ናቪጌተር መሆን የራስ መኪና አይጠይቅም፤ ብዙ ሰውም ወደ ስፖርቱ የገባው በዚያ በር ነው። ዕድል ካገኛችሁም የሳፋሪ ራሊን ሄዳችሁ እዩ። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ወደ ዓለም ሻምፒዮና ተመልሷል፤ መቀመጫው የኬንያዋ ናይቫሻ ነች። እንዲህ ያለ ውድድር መንገድ የሚጠብቁ በጎ ፈቃደኞች ሳይኖሩት አይካሄድም፤ ሙያተኛውን በቅርብ ለማወቅ ከዚያ የረከሰ መንገድ የለም።

ጅማ ፕሌይስቴሽን ቤት የሚውሉትም ተስፋ አይቁረጡ። ኒሳንና ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2008 በጀመሩት ውድድር የግራን ቱሪስሞ ጨዋታ ጎበዞች እውነተኛ መኪና ላይ ወጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 ያን ማርደንቦሮ የተባለ ወጣት 90,000 ያህል ተወዳዳሪዎችን በልጦ ሙያተኛ ሾፌር ሆኗል። ያ ውድድር ዛሬ የለም፤ በጨዋታ ተሰጥዖ መፈለጉ ግን አልቀረም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ አስፋልት ላይ መሽቀዳደምን። ከሰኮሩ እስከ አሰንዳቦ መንገዱ ላይ ከብት አለ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ሕፃን አለ፣ መብራት የሌለው ጋሪ አለ። ራሊ የሚነዳ ሰው የሚከንፈው መንገዱ ተዘግቶለት፣ የራስ ቁርና ቀበቶ አስሮ፣ አምቡላንስ ቆሞለት ነው። ባጃጅና ሞተር ሳይክል በሰው መሐል የሚያስከንፍ ልጅን ማንም ቡድን አይፈልገውም።

በንጉሡ ዘመን የኢትዮጵያ ሃይላንድ ራሊ የሚባል ውድድር በአገራችን ተራሮች ላይ ይካሄድ ነበር። ዛሬም ተራራው አለ፣ የኮረኮንች መንገዱ አለ፣ መኪና የሚገጣጥም እጅ አለ። የጅማ የቡና ነጋዴዎችና የጋራዥ ባለቤቶች አንድ አሮጌ መኪና ቢሰጡ፣ ወረዳውም አንድ የገጠር መንገድ ለአንድ እሑድ ጠዋት በፖሊስ ቢያስዘጋ፣ ጅምሩ ይኸው ነው። እስከዚያው ጋራዥ ያላችሁ ሰዎች፣ መፍቻ ላቀብል ብሎ የሚመጣውን ልጅ አትመልሱት።